ከመቶ ዘጠና አምስት

ስድስቱ ብልቃጦች በነጩ ጋዋን ጠርዝ ውስጥ ተሰፍተዋል።

ጋዋኑን አጣጥፋ በላውንደሪው ባንኮኒ ላይ አኖረችው።

በስለላ መሥሪያ ቤቷ ስሟ «ስንዝር» ነው። በመድኃኒት ፋብሪካው ደግሞ የጥራት ቡድን መሪ ናት፤ በሐሰት ስም፣ በሐሰት ዲፕሎማ፣ አሥራ አንድ ወር። ሌላ ጊዜ ልብሱን የምትቀበላት አንዲት ዝምተኛ ሴት ነበረች። ዛሬ ከባንኮኒው ጀርባ የቆመው አዛዧ ራሱ ነው።

አጎቴ።

ዘመዷ አይደለም፤ የሚያሰማራቸው ሰዎች ሁሉ እንዲያ ነው የሚሉት። ራሱ ወደ መገናኛ ቦታ መጥቶ አያውቅም።

«እድፍ አለበት?» አላት፣ እንደ ልብስ አጣቢ።

«ስድስት ቦታ።»

«ለመቼ ይድረስ?»

«ለነገ። ነገ አሥር ሰዓት ዕቃው መኪና ላይ ይወጣል።»

ከኋላዋ ሱሪ በክንዱ ያንጠለጠለ ሰውዬ ወረፋ ይጠብቃል። አጎቴ በዓይኑ ወደ ውስጥ ጠራት። ከካውያው እንፋሎት አጠገብ ቆሙ።

«ብልቃጥ አፍ የለውም» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ባች አርባ አንድ ይለቀቅ ብሎ የፈረመው ማነው?»

«ሥራ አስኪያጁ።»

«ፊርማውን አይተሻል?»

«አላየሁም።»

«እንግዲያው ወሬ ነው። ነገ አምጪልኝ። የዚህን ወር የመርማሪዎችሽን የነጥብ ወረቀትም ጨምረሽ።»

«እሱ ምን ያደርግልዎታል? ያለፈውን ወርም ወስደዋል።»

«አንቺ አምጪ። የሚያደርገውን እኔ አውቃለሁ።»

የልብሱን ደረሰኝ ጻፈላት። ለአራት አጠፈው፤ ጠርዙን በአውራ ጣቱ ጥፍር ሁለት ጊዜ ጫን ጫን አደረገው። ወረቀት ሳያጥፍ መስጠት አይሆንለትም።

ባች አርባ አንድ ማለት በአንድ ቀን የተሞላ አርባ ሺህ የመርፌ መድኃኒት ነው። ውስጡ ዓይን የሚያታልል የብርጭቆ ስባሪ ይዋኛል። ቡድኗ ይዞ ውድቅ አድርጎት ነበር። ከሰነበተ በኋላ አዲስ ምልክት ተለጥፎበት ለጭነት ከተዘጋጁት መሐል ተገኘ፤ ስድስቱም ብልቃጦች ከዚያው የተወሰዱ ናቸው። ነገ አሥር ሰዓት ይወጣል። ከዚያ ወዲያ በሰው ደም ውስጥ ነው።

*

ሐሰተኛ ሥራ እውነተኛ ላብ ይጠይቃል። የቡድን መሪ ነኝ ያለ ሰው ቡድን መምራት አለበት።

መጀመሪያ የገባች ቀን በምርመራ ክፍሉ ግድግዳ ላይ «ጥራትን እናሻሽል!» የሚል ቀለሙ የለቀቀ ጽሑፍ አገኘች። አምስት መርማሪዎች በየመብራታቸው ፊት ተቀምጠዋል። እያንዳንዱን ብልቃጥ አምስት ሰከንድ በጥቁር፣ አምስት ሰከንድ በነጭ ሰሌዳ ፊት እያገላበጡ ያያሉ። ንግግር አዘጋጅታ ነበር።

«አለቃ» አለ አፉ ስለማያርፍ «ሬዲዮ» የሚሉት መርማሪ፣ «ከእርስዎ በፊት ሰባት አለቃ አሻሽለን ልከናል። ጥራቱ ግን አለ፣ እንደተቀመጠ።»

ሁሉም ሳቁ። እትዬ ዓይናማ ብቻ አልሳቁም። ሃያ ስድስት ዓመት በዚያ መብራት ፊት የተቀመጡ ሴት ናቸው። ስሙ የወጣላቸው ከክፍሉ ወዲያኛው ጫፍ ሆነው በብልቃጥ ውስጥ ፀጉር ስላዩ ነው።

«ልጄ» አሉ፣ «እናሻሽል ማለት ቀላል ነው። ከስንት ወደ ስንት? እስከ መቼ? ማን ይለካዋል? ይሄ ከሌለ ቀለም ማባከን ነው።»

ንግግሯን ኪሷ ውስጥ ከተተችው።

እትዬ ዓይናማ እንደመከሯት ከመጋዘን መቶ የተበላሹ ብልቃጦች መረጠች፤ ፀጉር ያለበት፣ ስባሪ ያለበት፣ አንገቱ የተሰነጠቀ። በተራ ብርሃን በማይታይ ቀለም ምልክት አደረገችባቸው። በየሐሙሱ ከደህናዎቹ ጋር ትደባልቃቸዋለች። ከመቶው ስንቱ ይያዛል? በመጀመሪያው ሐሙስ ሰባ አንድ። ሃያ ዘጠኙ አመለጠ።

ግድግዳው ላይ አዲስ ጽሑፍ ወጣ፦ «ከመቶ ሰባ አንድ ወደ ዘጠና አምስት። በስድስት ወር። በየሐሙሱ ይለካል።»

«የእያንዳንዳችሁንም ለብቻ እመዘግባለሁ» አለቻቸው።

«ቁጥር አንዴ ከተጻፈ ሰው መፈለጉ አይቀርም» አለ ሬዲዮ፣ ያለ ሳቅ።

«ማን እገዛ እንደሚያስፈልገው ለማወቅ ነው። ማንም አይቀጣበትም።»

«እስቲ ማይ» አሉ እትዬ ዓይናማ።

«እናቴ ትሙት።»

እናቷ ከሞተች አሥራ ሁለት ዓመት አልፏታል። ይህን እዚያ ክፍል ውስጥ የሚያውቅ አልነበረም። አመኗት።

መብራቶቹን አስቀየረች። በየሃያ ደቂቃው ዓይን እንዲያርፍ አደረገች። ደካማውን ከጠንካራው ጎን አስቀመጠች። ሰባ ስምንት። ሰማንያ አራት። ዘጠና አንድ። በስድስተኛው ወር ዘጠና ስድስት ሲሆን ሬዲዮ ወንበር ላይ ወጥቶ እንደ ምርጫ ውጤት አወጀው። ስንዝር መዳፏ እስኪቀላ ስታጨበጭብ ራሷን ያዘችው። ለካ የምሯን ኖሯል።

ከዚያ ወዲህ የእትዬ ዓይናማ ቁጥር ቁልቁል ወረደ። ሰማንያ ስምንት፣ ሰባ አራት፣ ባለፈው ወር ሃምሳ ሁለት። ቀኝ ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል። ለጡረታ ሁለት ዓመት ቀርቷቸዋል። ዝም በይ ቢሏት ዝም ትል ነበር። እሳቸው ግን ራሳቸው መጡ።

«ቁጥሬን አየሁት። ከመብራቱ አንሺኝ፤ በእኔ ዓይን ሰው መሞት የለበትም።»

የዚያኑ ዕለት በደብዳቤ አነሳቻቸው፤ ውድቅ የሆነው ሁሉ የሚጻፍበትን መዝገብ ያዥ አደረገቻቸው። ደብዳቤው ላይ ፈረመች። በሐሰት ስሟ።

ምሳ ሰዓት ሲሆን ሳህናቸውን ወደ እሷ ይገፋሉ። «ባል የለሽ፣ ልጅ የለሽ፣ አጥንትሽ እኮ ወጣ። ብይ እንጂ!»

ትበላ ነበር።

*

በላውንደሪው ማግስት፣ ሰባት ሰዓት። ጸሐፊዋ ለምሳ ወጥታለች። ሥራ አስኪያጁም።

ስንዝር የወሩን ሪፖርት ይዛ ቢሮው ገባች። ቢያገኟት ምክንያቷ እጇ ላይ ነው።

የመጀመሪያው መሳቢያ ባዶ። ሁለተኛው ተቆልፏል። የፀጉር መያዣዋን ነቀለች። አሥራ ሁለት ሰከንድ ፈጀባት።

«ባች 41 ይለቀቅ።» ፊርማ። ቀን። ውድቅ ከሆነ ከሁለት ቀን በኋላ የተጻፈ።

ጋዋኗ ውስጥ ከተተችው። መሳቢያውን ልትዘጋ ስትል ከሥር ሌላ ወረቀት አየች።

ለአራት የታጠፈ።

ጠርዙ በጥፍር የተጫነ።

ዘረጋችው። ያለፈው ወር የነጥብ ወረቀት ነው፤ ራሷ የጻፈችው። ከእጇ የወጣው ለአንድ ሰው ብቻ ነው። ሃምሳ ሁለት የሚለው ቁጥር በቀይ ተከቧል። አብሮት በታይፕ የተጻፈ ክስ አለ፦ ባች አርባ አንድ ያለፈው የዓይን ሕመሟን ደብቃ በሠራች መርማሪ ጥፋት መሆኑ ስለተረጋገጠ ለሕግ ትቅረብ።

አጎቴ ሥራውን ሸጦታል። መድኃኒቱ ይወጣል፣ ሰው ይጎዳል፣ የሚታሰሩት እትዬ ዓይናማ ናቸው። ትናንት ያስረከበችው ስድስት ብልቃጥ እንግዲህ የለም።

ኮሪደሩ ላይ የጫማ ድምፅ ተሰማ።

ክሱንና ነጥቡን ከትታ መሳቢያውን ገፋችው። መልሳ ለመቆለፍ ጊዜ አልነበራትም።

«እህ! ቆጣሪያችን!» ሥራ አስኪያጁ ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ ገባ። «ምን እግር ጣለሽ?»

«ሪፖርት ላስፈርም።»

ሳያነብ ፈረመ።

«ሳያዩት?»

«አንቺ የቆጠርሽውን ማን ይጠራጠራል? ይልቅ ነይ፣ እኔም የማስፈርምሽ አለኝ።»

መሳቢያውን ሳበው። በቁልፍ ሳይከፍተው እንደተከፈተለት ልብ አላለም። ክሱን ፊቷ ዘረጋ።

«አሮጊቷ ናት» አለ። «ምን ይደረግ፣ ቁጥሩ የአንቺው ነው። እኔ አንዲት ነጥብ አልጨመርኩበትም።»

«ባች አርባ አንድ ሲመረመር እሳቸው ከመብራቱ ተነስተው ነበር።»

«ማን አነሳት?»

«እኔ። በደብዳቤ።»

«ደብዳቤ ይጠፋል፣ የኔ እመቤት።» እጁን ወደ መሳቢያው መለሰ። ገለጥ ገለጥ አደረገ። «እዚህ ጋ አንድ ወረቀት ነበረኝ...»

ወረቀቱ ጋዋኗ ውስጥ ኮሽ አለ።

«እስክሪብቶ ይስጡኝ» አለች።

እጁ ቆመ። ፈገግ ብሎ እስክሪብቶውን ሰጣት።

ፈረመች።

የሌለች ሰው ፊርማ ነው፣ ምን ያመጣል? ብላ ራሷን አጽናናች። ወጥታም በሩን ከኋላዋ ዘጋች።

*

አጎቴ ከከዳ የቀረችው «ላይኛዋ» ናት፤ የአጎቴ አለቃ። ስንዝር በሕይወቷ አንዴ ብቻ ነው ያየቻት። ለላይኛዋ ደግሞ አንድ ፊርማ አይበቃም። ባች አርባ አንድ አስቀድሞ መውደቁን የሚያሳየው መዝገብ ያስፈልጋል።

«እትዬ፣ መዝገቡን ይስጡኝ።»

እትዬ ዓይናማ በደህናው ዓይናቸው አዩዋት። «ፊትሽ አመድ መስሏል። ምን ሆነሽ ነው?»

«አይጠይቁኝ።»

«ትመልሺዋለሽ?»

«እመልሳለሁ። እናቴ ት...»

«ተይ» አሉ። «አንዴ ምለሽልኛል፤ ይበቃል።» መዝገቡን በምሳ ቦርሳቸው ከተው ሰጧት። «ምሳሽንም አልበላሽ። ከሥሩ አለልሽ።»

ለስምንት ሰዓት ሩብ ጉዳይ። የፋብሪካውን በር አለፈች። ጥበቃው የምሳ ቦርሳ አይፈትሽም።

አውቶቡስ ተሳፈረች። ሁለት ፌርማታ አለፈ። የሾፌሩን መስታወት አየች።

ትናንት ላውንደሪው ወረፋ ላይ ሱሪ ያንጠለጠለው ሰውዬ።

ዛሬ ሱሪ አልያዘም። ሦስት ወንበር ከኋላዋ ተቀምጦ በመስኮት ያያል። ወደ እሷ ላለማየት አብዝቶ ይደክማል።

በሦስተኛው ፌርማታ አልተነሳችም። ሰው ወረደ፣ ሰው ወጣ። በሩ መዘጋት ሲጀምር ተወረወረች። የቀሚሷን ጫፍ በሩ ነከሰው፤ ጎትታ ቀደደችው። ሰውዬው መስታወቱን እየደበደበ አውቶቡሱ ይዞት ሄደ።

ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ላይ መዝገቡና ትእዛዙ በላይኛዋ ጠረጴዛ ላይ ነበሩ። ለአሥር አምስት ጉዳይ የጭነት መኪኖቹ ሞተራቸው እንደተነሳ ፋብሪካው በር ላይ ቆሙ። አርባ ሺህ ብልቃጥ ተመለሰ። ሥራ አስኪያጁ ከቢሮው፣ አጎቴ ከላውንደሪው ተያዙ።

ግዳጁ ተፈጸመ።

*

ከሃያ አንድ ቀን በኋላ አጣሪ ኮሚቴው እትዬ ዓይናማን ጠራቸው። ላይኛዋ ስንዝርን ከጎን ባለው ክፍል አስቀመጠቻት። ግድግዳው ስስ ነው፤ ሳል እንኳን ያሳልፋል።

«መዝገቡ ከክስ አድኖዎታል፤ አይታሰሩም» አለ የሰብሳቢው ድምፅ። «ግን ይሄ ሃምሳ ሁለት የእርስዎ ቁጥር ነው?»

«የእኔ ነው።»

«ስህተት ሊሆን አይችልም?»

«አይችልም። ልጅቷ ስትቆጥር አትሳሳትም።»

«እንግዲያው ዓይንዎ እየደከመ ሠርተዋል።»

«ቁጥሩን ያየሁ ዕለት ተነስቻለሁ። ደብዳቤው እጃችሁ ላይ ነው።»

«ደብዳቤውን የፈረመችው ሴት የለችም።»

«የለችም ማለት?»

«በዚህ ስም የተመዘገበ ሰው የለም። ዲፕሎማው ሐሰት ነው። እርስዎን የከሰሰው ወረቀት ላይም ያለው የእሷው ፊርማ ነው። የሌለ ሰው የፈረመው ማስረጃ ሆኖ አይያዝም።»

ስንዝር ተነሳች። «ገብቼ ልናገር» አለች በሹክሹክታ።

«ማን ነኝ ብለሽ?» ላይኛዋ ክንዷን እንኳን አልያዘችም። «የአንቺን ዲፕሎማ የሠራ እጅ የሌሎች ሦስት ሰዎችንም ሠርቷል። አሁን ሌላ ቦታ፣ ከባሱ ሰዎች መሐል ናቸው። አንቺ ከታየሽ እነሱም ይታያሉ።»

«እርስዎ ይንገሩልኝ።»

«እኔ ከተናገርኩ አለሽ ማለት ነው። በሩ ክፍት ነው፤ አልከለክልሽም።»

በሩ እውነትም ክፍት ነበር።

ተቀመጠች።

ከግድግዳው ወዲያ ውሳኔው ተነበበ። ከሥራ መሰናበት። ሃያ ስድስት ዓመት በአንድ ዓረፍተ ነገር አለቀ።

«አንድ ነገር ልጠይቅ?» አሉ እትዬ ዓይናማ።

«ይጠይቁ፣ እናታችን።»

«ልጅቷ ከጠፋች ዛሬ ሃያ አንድ ቀኗ ነው። ያንን ክስ በደህናዋ አልፈረመችውም፣ አስገድደዋት ነው። ከዚያ ወዲያ ምን እንዳደረጓት ማን ያውቃል? የእኔን ተዉት። እሷን ፈልጉልኝ።»

«የለችም አልንዎት እኮ።»

«እንዴት ነው የለችም?» ድምፃቸው ተሰበረ። «ምሳ አብራኝ በልታለች እኮ!»

ስንዝር አፏን በሁለት እጇ አፈነች። ከዚያ ክፍል ወንበር ሲገፋ፣ የዘገየ እርምጃ በግድግዳው እየተደገፈ ወደ ደረጃው ሲሄድ ሰማች። እስኪጠፋ ድረስ ቆጠረችው።

ላይኛዋ ፖስታ ሰጠቻት። አዲስ መታወቂያ። አዲስ ስም። እንደተማረችው ሦስት ጊዜ በልቧ አነበበችውና በጓሮ በር ወጣች።

መንገዱ ዳር ታክሲ የሚጠብቅ ሰው ተሰልፏል። ከጫፉ ቆመች። ከረጢት የተሸከመች ሴት እያለከለከች መጥታ ከኋላዋ ተጠጋች።

«የመጨረሻዋ አንቺ ነሽ?»

«አዎ» አለች። «እኔ ነኝ።»

ወረፋው አንድ እርምጃ ሄደ። አብራ ሄደች።