የሙሉብርሃን ጭውውት

«ዝም በሉ፣ ሊጀምር ነው!» አለች የወሰንየለሽ እናት አበበች። በእትዬ ዙለይካ ሳሎን ውስጥ ግን ከእሷ በቀር የሚያወራ ሰው አልነበረም።

የአዲስ ዓመት ዋዜማ ነው። በዚያ የናዝሬት ሰፈር ቴሌቪዥን ያለው እትዬ ዙለይካ ቤት ብቻ ስለሆነ፣ ጎረቤቱ ለበዓሉ ዝግጅት እንደ ልማዱ ምንጣፍ ላይ ተጠጋግቶ ተቀምጧል። በሌላ ጊዜ ቢሆን ጫጫታው ዜና አንባቢውን እንኳ አያሰማም። ዛሬ ሁሉም አንገቱን ደፍቷል።

አበበች ይህን አላስተዋለችም። ልጇን ልታይ ነው፣ ሌላው ምን አገባት? ሙሉብርሃን ለብሔራዊ ውትድርና ከመሄዱ በፊት ከከተማው ኪነት ቡድን ጋር አዲስ አበባ ሄዶ አንድ ጭውውት ተቀርጾ ነበር። ለፋሲካ ሲተላለፍ የሰፈሩ መብራት ጠፋና ሳታየው ቀረች። ዛሬ እንደሚደገም ከሰማች ወዲህ እንቅልፍ የላትም።

ወሰንየለሽን ግን አጎቷ ጋሽ ኃይለጊዮርጊስ ከሰዓት በኋላ ወደ ጓሮ ጠርተዋት ነበር። «አሥራ አራት ዓመትሽ ነው፣ ትልቅ ሰው ነሽ» አሏት። እንዲህ ሲሉ ደግ ነገር እንደማይከተል ወዲያው ገባት። ወንድሟ ሙሉብርሃን ሰሜን ግንባር ላይ ሞቷል። «እናትሽ በዓሉን በደስታ ትዋል። ከነገ ወዲያ ማለዳ እናረዳታለን። እስከዚያ ፊትሽ እንዳያስታውቅብሽ፣ አደራ።» ጎረቤቱ ሁሉ ቀድሞ ሰምቷል።

ሙሉብርሃን ብቅ አለ። ቀሚስ ለብሶ፣ ነጠላ ተከናንቦ የቀበሌ ሱቅ ሰልፍ ውስጥ ገብቷል። ወረፋ እንዲይዝለት አስቀምጦት የሄደው ድንጋይ ጠፍቶበታል።

«ድንጋዬን ማን አነሳው? ከንጋት ጀምሮ የተሰለፈ ድንጋይ እኮ ነው! እኔ ባልኖርስ እሱ ቆሞልኝ የለ?»

«ውይ! እኔን እኮ ነው!» አበበች ጭኗን መታች። «ነጠላውም የኔ ነው! ይሄ ሌባ!»

እውነትም ድምፁ፣ ወገብ አያያዙ፣ ከንፈር አመጣጠጡ የእሷ ነበር። አበበች ሳቋ ትንፋሽ አሳጣት። የምትስቀው ግን ብቻዋን ነበር።

«ምነው፣ አያስቅም እንዴ?» ብላ ዞረች።

እትዬ ዙለይካ «ያ ረቢ» ብላ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። ጎረቤታቸው ጋሽ መርጋ ሳል ሳይኖርባቸው አሳሉ። የአበበች ዓይን ከአንዱ ወደ አንዱ ሄደ፤ ሳቋም እየቀዘቀዘ መጣ።

ወሰንየለሽ አሁን አንዲት ቃል ብትናገር ሁሉም ነገር ያበቃል፤ እናቷን ማታለሉም ይቀርላታል። ግን እማዬ ልጇን እንዲህ እያየች የምትስቅበት ሌላ ቀን የለም።

ሳቀች። መጀመሪያ አስመስላ ነበር። ሙሉብርሃን ድንጋዩን አግኝቶ አቅፎ ሲስመው ግን የምሯን ሳቀች፣ እንባዋም አብሮ ወረደ። ሰዉ ተከተላት። ቤቱ በሳቅ ተናጋ፤ ከአበበች በቀር የማያለቅስ አልነበረም።

«አያችሁ፣ እንባ በእንባ አደረጋችሁ!» አለች በኩራት።

ቤት እንደገቡ አበበች ነጠላዋን ሳታወልቅ «ወረቀት አምጪና ጻፊለት» አለች። በመሠረተ ትምህርት ፊደል ብትቆጥርም የእጅ ጽሑፍ ማንበብም ሆነ ደብዳቤ መጻፍ አይሆንላትም።

«ነገ አይሻልም፣ እማዬ?»

«ነገማ ይረሳኛል። በነጠላዬ መሳቂያ አደረግኸኝ፣ ስትመጣ እንተያያለን በዪው። ሰፈሩ በሙሉ እስኪያለቅስ ሳቀልህ በዪው። ጻፍሽ?»

ወሰንየለሽ እስክሪብቶውን አነሳች። ዝም ብላ ብትሞነጫጭር እናቷ አታውቅባትም ነበር። እሷ ግን ወረቀቱን ወደ ራሷ ስባ፣ አንዲት ቃል ሳታስቀር፣ በጥሩ የእጅ ጽሑፏ ጻፈችው።

«ጻፍኩ፣ እማዬ» አለች። «ቀጥዪ።»