አንበሳው ቃሉን የረሳ ዕለት

እስኪ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ይህ የሆነው ክረምት ላይ ነው፤ ዝናቡ አላቆም ያለ ክረምት።

ሾላ ምንጭ የምትባል ትንሽ ከተማ ነበረች። በከተማዋ መሀል አንድ አሮጌ አዳራሽ ነበር። ጣራው ቆርቆሮ ነው።

ዝናብ ሲመጣ ቆርቆሮው ይጮኻል። ቷ! ቷ! ቷ!

ክረምት ሲገባ ትምህርት ቤት ይዘጋል። ያኔ የሾላ ምንጭ ሰዎች ሥራቸውን ሲጨርሱ ወደ አዳራሹ ይመጡና ቴአትር ይሠራሉ።

ማንም አላዘዛቸውም። ደስ ስለሚላቸው ብቻ ነው የሚሠሩት።

ፀጉር አስተካካዩ ዘርጋው ጅብ ይሆናል። አስተማሪዋ ቲቸር ጸዳለ ሁሉንም ታለማምዳለች።

ልብስ ሰፊው ጋሽ ልሳኑ ደግሞ አንበሳ ናቸው። በየክረምቱ አንበሳ! ፀጉራቸው ጥቁር ሳለም አንበሳ፣ ፀጉራቸው ነጭ ከሆነም በኋላ አንበሳ።

ጋሽ ልሳኑ ሲያገሱ መስኮቱ ይንቀጠቀጣል። «ኡዋአአአ!»

እስኪ እናንተም አግሱ! «ኡዋአአአ!»

ትርሲት ስድስት ዓመቷ ነው። ባለፈው ክረምት እናቷ ጉልበት ላይ ተቀምጣ ቴአትር አየች።

ሲያልቅ ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ጯ! ጯ! ጯ!

«እማዬ፣ ለኔም እንዲህ እንዲያጨበጭቡልኝ እፈልጋለሁ» አለች ትርሲት።

«መጀመሪያ መሥራት ነዋ!» አለች እናቷ።

ዘንድሮ ታዲያ ቲቸር ጸዳለ ትርሲትን ጠራቻት። «ትርሲት፣ አንቺ የፍየል ግልገል ትሆኛለሽ» አለቻት።

ትርሲት ከደስታዋ ብዛት ዘለለች። «ሜ! ሜ!»

ቴአትሩ እንዲህ ነው። ጫካ ውስጥ ከባድ ዝናብ ይዘንባል። እንስሳቱ ሁሉ መጠለያ ያጣሉ። ዋሻ ያለው አንበሳው ብቻ ነው።

ግልገሏ ወደ አንበሳው ትሄድና «ሜ! ሜ! በረደኝ፤ ልግባ?» ትላለች።

አንበሳው ያገሳል። «ኡዋአአአ! ዋሻዬ ሰፊ ነው፤ ሁላችሁም ግቡ!»

ግልገሏ ትገባለች። ጅቡም ይገባል። ሁሉም ይገባሉ።

ጋሽ ልሳኑ ትርሲትን ብዙ ነገር አስተማሯት። «ለሰው ጀርባሽን አትስጪ» አሏት። «ድምፅሽንም ከሆድሽ አውጪው፤ ቆርቆሮው እንዳይበልጥሽ።»

ትርሲት ሆዷን ነፍታ ጮኸች። «ሜ!»

«እንዲያ ነው የኔ ግልገል!» አሉ ጋሽ ልሳኑ።

አንድ ቀን ልምምድ ላይ ጋሽ ልሳኑ አገሱ። «ኡዋአአአ! ዋሻዬ... ዋሻዬ...»

ዝም አሉ። ግንባራቸውን አሹ። ቃሉ የለም።

ትርሲት ጠጋ ብላ፣ ቀስ ብላ፣ በጆሯቸው «ሰፊ ነው» አለቻቸው።

«ሰፊ ነው! ሁላችሁም ግቡ!» አሉ ጋሽ ልሳኑ።

ልምምዱ ሲያልቅ አግዳሚ ወንበር ላይ አጠገቧ ተቀመጡ።

«ትርሲትዬ፣ ቃሉ ይጠፋኛል» አሏት። «ማታ አጥንቼ እተኛለሁ፤ ጠዋት ስነሳ የለም።»

«የት ይሄዳል?» አለች ትርሲት።

«እኔም አላውቅ። ብቻ ሲጠፋኝ ቀስ ብለሽ ንገሪኝ። ለሰው ግን አታውሪ፤ እሺ?»

«እሺ ጋሼ።»

ሰኞ ቃሉ ጠፋቸው። ትርሲት ጠጋ ብላ፣ ቀስ ብላ፣ በጆሯቸው ነገረቻቸው።

ረቡዕም ጠፋቸው። ትርሲት ጠጋ ብላ፣ ቀስ ብላ፣ በጆሯቸው ነገረቻቸው።

ዓርብም እንደዚያው። ማንም አላወቀባቸውም።

ቅዳሜ ቴአትሩ የሚታይበት ቀን ደረሰ። ሰው ጃንጥላውን ይዞ መጣ፤ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። የትርሲት እናት ከፊት ተቀመጠች።

ጋሽ ልሳኑ የአንበሳ ጎፈራቸውን ጭንቅላታቸው ላይ አጠለቁ። ትርሲት ሁለት ትንንሽ ቀንዶች አሰረች።

ውጭ ዝናቡ ወረደ። ቷ! ቷ! ቷ!

ትርሲት ወደ መድረኩ ወጣች። ድምፅዋን ከሆዷ አወጣችው። «ሜ! ሜ! በረደኝ፤ ልግባ?»

«አይ ስታምር!» አለ አንድ ሰው። ጥቂት ሰዎች አጨበጨቡ። ጯ! ጯ!

ትርሲትን ደስ አላት። ጭብጨባው ግን ትንሽ ነው። ሌላም ጭብጨባ አማራት።

ጋሽ ልሳኑ አገሱ። «ኡዋአአአ! ዋሻዬ... ዋሻዬ...»

ዝም አሉ።

ቆርቆሮው ብቻ ይጮኻል። ቷ! ቷ! ቷ!

ጋሽ ልሳኑ ትርሲትን አዩዋት። ዓይናቸው «ንገሪኝ» ይላታል።

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ሌላውም ሳቀ። ትርሲት ያን ሁሉ ሰው አየች። ሁሉም እሷን ይጠብቃል።

ጠጋ አላለችም። ቀስ አላለችም። በጆሯቸውም አልነገረቻቸውም።

ሆዷን ነፍታ፣ ልክ እንዳስተማሯት፣ ጮክ ብላ ተናገረች። «ሜ! ሜ! አንበሳው ረሳ! ሁልጊዜ እኮ ይረሳል! የምነግረው እኔ ነኝ!»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ቃ! ቃ! ቃ! ሰው ሆዱን ይዞ ሳቀ።

ከዚያም አጨበጨበ። ጯ! ጯ! ጯ! ጭብጨባው ከቆርቆሮውም በለጠ። ሁሉም ለትርሲት ነው።

ትርሲት እጅ ነሳች። ከዚያ ፈገግ ብላ ወደ ጋሽ ልሳኑ ዞረች።

ጋሽ ልሳኑ አልሳቁም። ከንፈራቸው ይንቀጠቀጣል።

ጎፈራቸውን ቀስ ብለው አወለቁ። መሬት ላይ አስቀመጡት። በኋላው በር ወጡ፤ ያለ ጃንጥላ፣ ዝናቡ ውስጥ።

ጅቡ ዘርጋው ሮጦ መጣ። «ዋሻው ሰፊ ነው፤ ግቡ፣ ግቡ!» አለ። ቴአትሩም ቶሎ ቶሎ ተባለና አለቀ።

መንገድ ላይ አንዲት ሴትዮ ትርሲትን አየቻት። «ጎበዝ! እንዴት አሳቅሽን!» አለቻት።

አንድ ሰውዬም ጉንጯን ቆነጠጣት። «አይ አንቺ ግልገል! ገደልሽን እኮ በሳቅ!» አላት።

እናቷ ግን አንድም ቃል አልተናገረችም።

ቤት ሲገቡ ትርሲት ጠየቀቻት። «እማዬ፣ አጨበጨቡልኝ አይደል?»

«አዎ፣ አጨበጨቡልሽ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«የጋሽ ልሳኑን ፊት ስላየሁ ነው» አለች እናቷ።

ትርሲትም አይታው ነበር። ያን ቀን ራቷ አልወረደላትም።

የጋሽ ልሳኑ ሱቅ ከነትርሲት ቤት ፊት ለፊት ነው። እሑድ ትርሲት መንገዱን ተሻግራ አንኳኳች። ኳ! ኳ! ኳ!

መልስ የለም።

ሰኞም አንኳኳች። ኳ! ኳ! ኳ!

መልስ የለም።

ማክሰኞ ከውስጥ የስፌት መኪናው ይሰማል። ጥርርር! ጥርርር! ትርሲት አንኳኳች። ኳ! ኳ! ኳ!

የመኪናው ድምፅ ቆመ። በሩ ተከፈተ።

ጋሽ ልሳኑ ቆመዋል። «ግቢ» አላሏትም። «ሂጂ»ም አላሏትም።

«ጋሼ፣ ይቅርታ» አለች ትርሲት። ድምፅዋ ከሆዷ አልወጣም፤ በጣም ትንሽ ነበር።

ጋሽ ልሳኑ በሩን እንደያዙ አዩዋት።

«ሰው ሲስቅብኝ ምንም አልነበረም» አሉ በመጨረሻ። «ሰው አያውቅም። አንቺ ግን ታውቂ ነበር።»

ትርሲት አለቀሰች። «እንዲያጨበጭቡልኝ ብዬ ነው» አለች።

«አውቃለሁ» አሉ ጋሽ ልሳኑ። «ጭብጨባ ይጣፍጣል። እኔም ስንት ክረምት ሙሉ የመጣሁት ለእሱ ነው።»

ጎንበስ ብለው እንባዋን በመሐረባቸው ጠረጉላት። «ይቅር ብዬሻለሁ» አሏት።

የትርሲት ፊት በራ። «እንግዲያው ቅዳሜ ይመጣሉ? ቲቸር ቅዳሜ ደግመን እንሠራለን ብላለች! ጠጋ ብዬ፣ ቀስ ብዬ፣ በጆሮዎ እነግርዎታለሁ! እውነቴን ነው!»

ጋሽ ልሳኑ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አይ ልጄ። አልመጣም።»

«ይቅር ብለውኝ የለ?»

«ይቅር ብዬሻለሁ። ግን አሁን ሁሉም አውቋል። አፌን ስከፍት ሰው መሳቅ ይጀምራል። አንበሳ ደግሞ እንዲያ አይሆንም።»

ወደ ስፌት መኪናቸው ተመለሱ። ጥርርር! ጥርርር!

ቅዳሜ ደረሰ። ዘርጋው አንበሳ ሆነ። አንዲትም ቃል አልረሳም።

«ኡዋአአአ! ዋሻዬ ሰፊ ነው፤ ሁላችሁም ግቡ!» አለ። ሰውም አጨበጨበ።

መስኮቱ ግን አልተንቀጠቀጠም።

ትርሲት የራሷን ቃል ተናገረች። ለሷም አጨበጨቡላት። ጯ! ጯ! ጯ!

ደስ አላላትም። ቀንዶቿን ፈታ ለቲቸር ጸዳለ መለሰች።

«ለከርሞ ጋሼ ይመለሳሉ?» ብላ ጠየቀቻት።

ቲቸር ጸዳለ ቀንዶቹን በእጇ አገላበጠች። «አይመስለኝም፣ ትርሲት» አለች። «እንዲመለሱ ሁላችንም ለምነናቸው ነበር።»

ከዚያ ወዲህ ትርሲት ከሰዓት በኋላ መንገዱን እየተሻገረች ወደ ሱቁ ትሄድ ጀመር። ማንም ሂጂ አላላትም።

በርጩማ ላይ ትቀመጣለች። ጋሽ ልሳኑ ይሰፋሉ። መጀመሪያ ብዙም አያወሩም ነበር።

ቆይተው ግን ማውራት ጀመሩ። ስለ ጨርቅ፣ ስለ ቁልፍ፣ ጎረቤት ስላለችው ድመት ያወራሉ። ስለ ቴአትሩ ግን አያወሩም።

አንድ ቀን ኃይለኛ ዝናብ መጣ። ንፋሱ ዝናቡን በመስኮት አስገባው።

ጋሽ ልሳኑ ከመኪናቸው ቀና አሉ። ወደ ትርሲት ዞረው «የሺ፣ መስኮቱን ዝጊልኝ» አሉ።

ትርሲት ዙሪያዋን አየች። ሌላ ሰው የለም።

ጋሽ ልሳኑ እሷኑ እያዩ ነው። ፈገግ ብለዋል። «የሺዬ፣ ቶሎ በይ፤ ጨርቁ ረጠበ» አሏት።

ትርሲት አልሳቀችም። «እኔ የሺ አይደለሁም»ም አላለችም።

«አቤት ጋሼ» አለች። ተነስታ መስኮቱን ዘጋችው።

«ተባረኪ» አሉ ጋሽ ልሳኑ። ወደ ስፌታቸው ተመለሱ።

ማታ ትርሲት አልጋዋ ላይ ወጣች። እናቷ የረጠበ ፀጉሯን በፎጣ እያደረቀችላት ነው።

«እማዬ፣ የሺ ማን ናት?»

«የጋሽ ልሳኑ ታናሽ እህት ነበረች። አንቺ ሳትወለጂ ነው የሞተችው። ምነው?»

«ዛሬ የሺ ብለው ጠሩኝ።»

የእናቷ እጅ ቆመ። ፎጣው ትርሲት ጭንቅላት ላይ ቀረ።

«አንቺስ ምን አልሻቸው?»

«አቤት አልኳቸው» አለች ትርሲት።

እናቷ ሳብ አድርጋ እቅፍ አደረገቻት። ትርሲት የእናቷን ልብ ትሰማለች። ድው፣ ድው፣ ድው።

«እማዬ፣ ስሜ ጨርሶ ይጠፋቸው ይሆን?»

«ሊጠፋቸው ይችላል፣ ልጄ።»

ትርሲት ትንሽ አለቀሰች። እናቷ እንባዋን ጠረገችላትና ብርድ ልብሱን እስከ አገጯ ሳበችላት።

«ነገም እሄዳለሁ» አለች ትርሲት፣ ዓይኖቿ እየተከደኑ። «በማንም ስም ቢጠሩኝ አቤት እላለሁ።»

ብላም ተኛች።