የሰባተኛው ጉድጓድ ውሃ

ናሙና ቀጂው ሽማግሌ በሰባተኛው ጉድጓድ ደረጃ ሥር ማጅራቱን ተመትቶ፣ በአፍ ጢሙ ተደፍቶ ተገኘ። አጠገቡ የራሱ ጽሑፍ የተለጠፈበት ጥቁር የፕላስቲክ ጠርሙስ ቆሟል። መርማሪዋን የቆረቆራት እሱ ነው፤ ሰው ከደረጃ ተንከባሎ ጠርሙሱ ቆሞ ይቀራል?

ከማዕድን ማውጫው የሚወርደው ዩራኒየም ያለበት ውሃ ዝገት በለበሰ አሸዋ ውስጥ ያልፋል። ዝገቱ መርዙን ይዞ ያስቀራል፤ የተጣራው በዚህ ጉድጓድ በኩል ለመጠጥ ወደ ሠራተኞች መንደር ይሄዳል። የማጣሪያው ፈልሳፊ የሥራው ኃላፊ ዶክተር ነው። ፖሊሶች ግን የሟቹን አማች፣ የፓምፕ ሠራተኛውን፣ በካቴና አስረውታል፤ ትናንት ሲጣሉ ተሰምተዋላ።

«ምን አጣላችሁ?» አለችው።

«‹ልጅህን ይሄን ውሃ አታጠጣት› ብለው ተቆጡኝ። ‹ዶክተሩ ንጹሕ ነው እያሉ እርስዎ ምን አገባዎት?› አልኳቸው። ምላሴን በቆረጠው!»

የቤተ ሙከራ ሠራተኛዋ ዓይኗ አብጧል።

«ጋሼ የዛሬውን ውሃ ከጉድጓዱ በቀጥታ ሌላ ቦታ ሊያስመረምሩት ነበር። ለሁላችንም ነግረውናል። ጠርሙሶቹ ላይም እንደ ልማዳቸው ማታውኑ ጽፈው መደርደሪያ ላይ አስቀምጠው ነበር።»

«ጣቶችሽን ምን አጠቆራቸው?»

«ከሰል ነው። የውሃው ቀለም መሣሪያውን እንዳያውክ ናሙናውን በከሰል ዱቄት አጠራዋለሁ። ከእኔ በፊት የነበረችው ናት ያስለመደችኝ። ዶክተር አይጠይቁ፣ እኔ አልናገር።»

ዶክተሩ በኩራት ተቀበላት።

«ጉድጓዱ ጋ ይወርዳሉ?» አለችው።

«ምን ሊያደርግልኝ? ናሙናው ጠረጴዛዬ ድረስ ይመጣል። እንደ እንባ የጠራ ነው።»

ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም ጉድጓዱ አፍ ላይ ሰበሰበቻቸው። ከሬሳው አጠገብ የተገኘውን ጠርሙስ ወደ ነጭ ስኒ ገለበጠችው፤ ኩልል ያለ ውሃ። ከጉድጓዱ አሁን ያስቀዳችውን በሌላ ስኒ ቀዳች፤ የሻይ መልክ ያለው ቡናማ።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እዚህ ግን እውነቱ የደፈረሰው ነው» አለች። «ገዳዩ ከመደርደሪያው የተጻፈበት ጠርሙስ ወስዶ ንጹሕ ውሃ ሞላበት፣ ሽማግሌው የቀዳበትን ጠርሙስ ወደ ጉድጓዱ ወረወረ። እሱንም አውጥተነዋል፤ ክዳኑ አልተከፈተም፣ ውስጡ ያለው ውሃም ቡናማ ነው። ጠርሙሱ ጥቁር ነውና ውስጡን አላየም። የፓምፕ ሠራተኛው ቡናማውን ውሃ በየቀኑ ያየዋል፤ እሷም በእጇ ታጠራዋለች። የጉድጓዱ ውሃ የጠራ የሚመስለው ለአንድ ሰው ብቻ ነው።»

«ስድስት ዓመት ሙሉ ቁጥሩ ንጹሕ ነበር!» ብሎ ጮኸ ዶክተሩ። «የዕድሜ ልክ ሥራዬን አንድ ውሃ ቀጂ ሊያፈርስብኝ?»

«ቡናማው የበሰበሰ ቅጠል ጭማቂ ነው፤ ከረግረጉ ይገባል። ከቤቱ ባገኘነው የሽማግሌው ደብተር ላይ ሁሉም ተጽፏል። ጭማቂው ዝገቱን ይሸፍነዋል፣ ዩራኒየሙንም አዝሎ ያሳልፈዋል። ከሰሉ ደግሞ ጭማቂውን ሲለቅም መርዙንም አብሮ ይለቅመዋል። የመረመሩት ከሰሉ ያጠራውን ነው። መንደሩ የጠጣው ግን ይሄን ነው።»

የቤተ ሙከራ ሠራተኛዋ የጠቆሩ እጆቿን አየችና ፊቷን መሸፈን እንኳ ፈራች።

የፓምፕ ሠራተኛው ካቴናው ሲፈታለት መርማሪዋን ትኩር ብሎ አያት።

«ልጄ ስድስት ዓመቷ ነው» አላት።

መልስ ሳይጠብቅ ሮጦ ሄዶ ፓምፑን አጠፋው።