በስህተት የነገርኩት ሰው

«ዶክተር፣ ስላረፈድኩ ይቅርታ ያድርጉልኝ» እያልኩ የምክር ክፍሉ ውስጥ ገባሁ።

ሰውየው ከወንበሩ ብድግ አለ። ረጅም፣ ጠይም፣ ዓይኑ የደከመ ሰው ነው። ሊናገር አፉን ከፈተ። እኔ ግን ድፍረቴ ሳይከዳኝ ልጨርስ ብዬ ጀመርኩ።

የምሠራው ፀጉር ቤት ነው። ቀን ቢጎዲን ስጠቀልል፣ ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ስር የተቀመጡ ደንበኞችን ሳስቅ እውላለሁ። እናቴ ካረፈች ወዲህ ግን ቤቴ ስገባ ደረቴ ላይ ድንጋይ የተጫነ ይመስለኛል። «ብቻሽን ከምታብሰለስዪው ለሚሰማሽ ተናገሪ» ብላ ወደ አማካሪ የላከችኝ ታላቅ እህቴ ናት።

ይህን ሁሉ ነገርኩት።

«ቁምሳጥኗን አልከፍተውም... ሽታዋ እንዳይጠፋብኝ» ብዬ ማልቀስ ጀመርኩ። ሶፍት አቀበለኝ።

በዚህ መሃል በሩ ተከፈተ። ሽበት ጣል ጣል ያደረገባቸው ሴት ገቡ።

«ውይ፣ ተዋወቃችሁ እንዴ? አማካሪዋ እኔ ነኝ፤ አስጠበቅኳችሁ።»

ሰውየው ለካ አናጺ ነው። ከእኔ ቀጥሎ ሊማከር ቀጠሮ የያዘ።

አንቱታዬ እዚያው ቀረ።

«በሰው ቁስል ትቀልዳለህ? አንተ ምን ዓይነት ሰው ነህ?» ብዬው ወጣሁ።

በሳምንቱ እህቴ እየጎተተች መለሰችኝ። አናጺው ደረጃው ላይ ቆሞ ነበር።

«አንዴ ብቻ ስሚኝ» አለ። «አማካሪው እኔ አይደለሁም ልልሽ ስል ማልቀስ ጀመርሽ። ጥዬሽ መውጣት አቃተኝ። እኔ የመጣሁት አባቴን ቀብሬ እንባ እምቢ ስላለኝ ነው። ያን ቀን አንቺን ሰምቼ ቤቴ ስገባ... እንደ ልጅ አለቀስኩ። ያንቺን ሰምቻለሁ፣ የእኔን ደግሞ አንቺ ያዢ። እኩል እንሁን።»

ንዴቴ ውሃ ሆነ።

ከዚያ በኋላ ተራ በተራ እየገባን፣ ስንወጣ አውቶቡስ ፌርማታ ድረስ አብረን እንሄድ ጀመር። አንድ ቀን «እንጋባ» አለኝ። እየበረርኩ ለአማካሪዋ ነገርኳቸው።

«ደስ ይላል ልጄ» አሉኝ። «ግን መድኃኒት አድርገሽ ከያዝሽው፣ የዳንሽ ቀን ምን ታደርጊዋለሽ?»

እውነታቸውን ነው። ተመልሼ «ትንሽ ጠብቀኝ» አልኩት።

ፊቱ ጠቆረ። «ካልፈለግሽኝ ቁርጡን ንገሪኝ።»

«ስለምፈልግህ ነው። መጀመሪያ በራሴ እግር ልቁም።»

ግማሹን እንዳላመነኝ ያስታውቃል። ቢሆንም ጠበቀኝ።

ከወራት በኋላ አንድ እሁድ ብቻዬን ቤቴ ዋልኩ። መስኮቱን ከፍቼ፣ ፀጉሬን ታጥቤ፣ እያንጎራጎርኩ። አመሻሽ ላይ ደረቴ ቀሎኝ መዋሉ ትዝ አለኝ። ደወልኩለት።

«ደህና ነሽ?» አለ ደንግጦ።

«ደህና ነኝ። ያላንተም መዋል እንደምችል አየሁ። እና አሁን... ና ልልህ ነው።»

«መጣሁ» ብሎ ስልኩን ዘጋው። ብዙም ሳይቆይ በሩ ተንኳኳ።

እንደተጋባን አማካሪዋን ልናመሰግን ሄድን።

«እኔ ወንበር ነው ያቀረብኩላችሁ» አሉ እየሳቁ። «የደከማችሁት እናንተ ናችሁ።»

ጉልበታቸውን ልስም ብል እምቢ ብለው አቀፉኝ።

እህቴ ውጭ እየጠበቀችን ነበር። አንገቷ ላይ ተጠመጠምኩ።

«አንቺ ባትጎትቺኝ ኖሮ...»

«ዝም በይ» አለችኝ፣ እንባዋ እየቀደማት። «ገና ብዙ እጎትትሻለሁ።»