ልኳ ያልሆነው ጊታር

«ክፈቺው እንጂ» አላት አባቷ፣ ጥቁሩን ቦርሳ ከስፌት መኪናው አጠገብ ጠረጴዛው ላይ አስተኝቶ።

ወይንሸት ዚፑን ሳትነካው ገባት። ቦርሳው ከጠረጴዛው ጫፍ አልፎ ወጥቷል። እሷ የመረጠችው ጊታር እዚህ ላይ ቢተኛ ቦታ ይተርፈው ነበር። ዚፑን እስከ ግማሽ ሳበችና ቀዩን፣ የሚያብረቀርቀውን፣ አንገተ ረጅሙን ቤዝ ጊታር አይታ እጇን ሰበሰበች። ደሟ ፈላ።

«አባዬ፣ ትንሿን ነበር እኮ ያልኩህ።»

«ትንሿማ የሕፃን ናት። ይኼን እይው፣ እንጨቱ ራሱ እንዴት ሸጋ ነው። ደግሞ ታድጊበታለሽ።»

ታድጊበታለሽ። ይህን ቃል እየሰማች ነው ያደገችው። አባቷ አላምረው ፒያሳ በረንዳ ላይ ልብስ መስፋት ከጀመረ ሃያ ዓመት አልፎታል፤ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ የደንብ ልብስ የሚያልፈው በእሱ እጅ ነው። ለሁሉም ከታች ሦስት ጣት እጥፋት ይተውለታል፤ ልጁ ሲረዝም ይፈታል። ለቀሚስ ደህና ዘዴ ነው። ወይንሸት ግን አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ጣቶቿም የእናቷ ጣቶች ናቸው፣ አጭርና ወፈር ያሉ። እናቷ አርባ ዓመት ሞልቷትም ጣቷ አልረዘመም። ጣት እጥፋት የለውማ።

ልብስ ልታስለካ የቆመች ሴትዮ ጊታሩን አየችና «ታድለሽ፣ እንዲህ ያለ አባት ከየት ይገኛል» አለቻት። አባቷ ፈገግ አለ። ወይንሸት ጥርሷን ነክሳ «አመሰግናለሁ» አለችና ቦርሳውን አንግታ ወጣች። ቤቷ እስክትደርስ የቦርሳው ጫፍ ባቷን ሲደበድባት ነበር።

ለሦስት ሳምንት ከትምህርት ቤት መልስ አራዳ እየሄደች የጋሽ ዐብዱረሕማንን ሱቅ አሰልችታለች። ያገለገሉ ቴፖች፣ ኪቦርዶችና ጊታሮች የሚሸጡ ሰው ናቸው፤ ልጃቸው ፈህሚያ የክፍሏ ልጅ ናት፣ በትምህርት ቤቱ ባንድም ኪቦርድ ትጫወታለች። ሱቁ ውስጥ ሁለት ቤዝ ጊታሮች ነበሩ። አንደኛው ይኸው ቀዩ ነው። ሁለተኛዋ ቡናማ፣ ጠርዟ የተላጠ፣ ክሮቿ ከቀዩ አሥር ሳንቲ ሜትር የሚያጥሩ ናት። አንገቷ ላይ የተደረደሩት ብረቶች፣ ፍሬት የሚባሉት፣ ስለሚቀራረቡ የወይንሸት አራት ጣቶች በየቦታቸው ያርፋሉ። ተቀምጣ ሞክራታለች፣ ቆማ ሞክራታለች። የጊታሯ አንገት ከብዶ ወደ መሬት ያዘቀዝቅ እንደሆነ እጇን ለቃ አይታለች። ወፍራሙ ክር ሲመታ ድምፁ እንዳይታፈን ብላ ጆሮዋን ስፒከሩ ላይ ለጥፋ አዳምጣለች። ዋጋዋም ከቀዩ በስምንት መቶ ብር ያንሳል። ይህን ሁሉ ለአባቷ ነግራዋለች፤ እሱ መርፌ ላይ ክር እያስገባ «እሺ፣ እሺ» ብሏታል።

ዓርብ ፈተና አለ። የሙዚቃ አስተማሪው ቲቸር ሰውአገኝ የባንዱን የቤዝ ቦታ ለማን እንደሚሰጡ የሚወስኑት ያን ቀን ነው። አምና በትምህርት ቤቱ ትልቅ ጊታር ስትንገዳገድ አይተው «የአንቺ ጣት አይደርስም፣ ኅብረ ዝማሬ ግቢ» ብለዋታል፤ እሷ ደግሞ መዝፈን አትችልም። ዘንድሮ አሥረኛ ክፍል ናት። ከርሞ ትምህርት ቤት ስለምትቀይር ይህ ዕድል አይመለስም።

ያን ዕለት ማታ ቀዩን ጭኗ ላይ አድርጋ ሞከረችው። ትንሿ ጣቷ ወደ አራተኛው ፍሬት ስትዘረጋ አመልካች ጣቷ ከመጀመሪያው ይነሳል። አመልካቿን ስትጭን ትንሿ ትቀራለች። ሃያ ጊዜ ያህል ደጋገመችው። የእጇ አንጓ ማቃጠል ሲጀምር ጊታሩን አልጋው ላይ ጣለችው። ይበልጥ ያናደዳት እንባዋ መምጣቱ ነበር።

በማግስቱ ለፈህሚያ ነገረቻት።

«አባትሽ አንቺ ሳትኖሪ ይገዛሉ እንዴ?» አለች ፈህሚያ።

«ሰርፕራይዝ ነዋ» አለች ወይንሸት አፏን አጣማ። «እኔን የገረመኝ፣ የሰው ሁሉ ልክ በቃሉ የሚያውቅ ሰው የእኔን ጣት አንድ ቀን አይቶት አያውቅም።»

«በይ ነይ፣ አባቴን እናናግረው።»

ጋሽ ዐብዱረሕማን ቦርሳውን ሲያዩ ሳትነግራቸው ገባቸው። ጢማቸውን አሻሹ። «ወላሂ ነግሬው ነበር። ልጅህ የመረጠችው ያቺኛዋን ነው አልኩት። ‹ለልጁ ርካሹን ገዛ ልባል?› አለኝ። ስምንት መቶውን ለመሙላት የስንቱን ሰው ሱሪ እንደሰፋ አላህ ይወቀው።»

ይህ ንዴቷን የሚያበርደው መስሏቸው ከሆነ ተሳስተዋል። ባሰባት። ማንም ያልጠየቀው ስምንት መቶ ብር አሁን አፏን ሊያስይዛት ነው።

«እንዲቀይሩልኝ ነው የመጣሁት» አለች።

«እቀይራለሁ፣ ልጄ። ግን የገዛው እሱ ነው፤ እሱ ሳይኖር ባደርገው ይቀየመኛል።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ይልቅ እንዲህ እናድርግ። ጊታሩ ውስጡ ተበላሽቷል፣ ሳልፈትሽ የሸጥኩት እኔ ነኝ፣ የቀረችኝ ይቺ ብቻ ናት እለዋለሁ። እሱም አያፍር፣ አንቺም ትንሿን ትወስጃለሽ።»

ፈህሚያ በክርኗ ጎሸም አደረገቻት። «አለቀ በቃ። ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?»

ወይንሸት «እሺ» ልትል ምንም አልቀራት። ቀላል ነበር። ግን አባቷ ይህን ሰምቶ ምን እንደሚል አስቀድማ አወቀችው። ትልቁ ነበር የሚሻለው፣ ተበላሸ እንጂ። ፈተናውን ብታልፍ እንኳ «በትልቁ ቢሆን ኖሮ» ይላል። እኚህ ደግ ሰው ደግሞ ባላጠፉት ጥፋት ሊዋረዱ ነው። ሁሉም የአባቷን ክብር ሲጠብቅ የእሷን እጅ የሚያይ ጠፋ።

ፈህሚያ ወይንሸት የተስማማች መስሏት ሮጣ አላምረውን ጠራችው፤ እሱም ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ መጣ።

«ምነው፣ በሰላም ነው?»

ጋሽ ዐብዱረሕማን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አላምረው፣ ወንድሜ፣ ይኼ ዕቃ ለካ...»

«ዕቃው ምንም አልሆነም» አለች ወይንሸት።

ቀዩን ጊታር አወጣች፣ ካርቶን ላይ ተቀመጠችና ግራ እጇን አንገቱ ላይ አደረገች። አመልካች ጣቷን የመጀመሪያው ፍሬት ላይ ጫነች። ትንሿ ጣቷን ዘረጋች። የቻለችውን ያህል ዘረጋች። አልደረሰም።

«አየህ፣ አባዬ? አይደርስም። ዓርብም አይደርስም፣ ለከርሞም አይደርስም።»

አባቷ ጎንበስ ብሎ ጣቷን አየ። እንደገና አየ። ከዚያ ቀና ብሎ ጋሽ ዐብዱረሕማንን ሲያይ ፊቱ በሐፍረት ተለዋወጠ።

«ታዲያ ሳልገዛው ምነው ያልነገርሽኝ?»

«ነግሬሃለሁ። ሦስት ጊዜ።»

ድምፅዋን አላለዘበችም። አባቷ ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ጠቀለለው፣ መልሶ ፈታው።

«የቷ ናት?» አለ በመጨረሻ። «እስኪ አሳዪኝ።»

ወይንሸት ቡናማዋን ጊታር ራሷ ከግድግዳው አወረደቻት። አሁንም እንደተናደደች ነበር። ጭኗ ላይ አስቀመጠቻትና ጣቶቿን አንድ በአንድ አሳረፈች፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። አባቷ እያንዳንዷን ጣት በዓይኑ ተከተለ። ከዚያ እንደ ልማዱ ወደ ባለሱቁ ዞሮ ዋጋ ሊነጋገር አፉን ሲከፍት ቀደመችው።

«አባዬ፣ ቆይ። ስለ ዋጋው ልዩነት የምነጋገረው እኔ ነኝ።»

አባቷ አያት። ከዚያ ካርቶን ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ።