ያልነፋሁት ጥሩምባ

ሃያ ሁለት ዓመት መሪ ጨብጫለሁ፣ ከመተማ እስከ ደባርቅ ያልወጣሁት ዳገት የለም፣ ሾፌሮች ሻይ ቤት ተሰብስበው አንዱ እዚያ ኩርባ ላይ ነጭ የለበሰች ሴት አየሁ፣ ሌላው እዚያ ድልድይ ላይ ሞተሬ ያለ ምክንያት ጠፋ ሲሉ፣ እንቅልፍ ያልጠገበ ሰው የማያየው ነገር የለም እያልኩ የምስቅባቸው እኔ ነበርኩ። አሁን የምነግርህን ሌላ ሰው ቢያወራልኝ እንደዚያው እስቅ ነበር፣ ግን እመነኝ፣ የሆነው እንዲህ ነው፣ የሆነውም በቀን ነው፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ እንቅልፌንም ጠግቤ።

መጀመሪያ ጥፋቴን ልንገርህ፣ ያለዚያ ነገሩ አይገባህም። አምና ነሐሴ ላይ ሲሚንቶ ጭኜ ከጎንደር ወደ ደባርቅ ስሄድ፣ አምባ ጊዮርጊስን እንዳለፍኩ ጉም ወረደ፣ የወገራን ጉም ካወቅከው የራስህን መብራት ነው የሚውጥብህ። በዚህ ላይ ጭነቱን የሚረከበው ሰውዬ በየአምስት ደቂቃው እየደወለ የት ደረስክ ይለኛል፣ እኔም በአንድ እጄ መሪ፣ በአንድ እጄ ስልክ ይዤ «ደረስኩ አልኩህ እኮ» እያልኩ ስጨቃጨቅ፣ የሆነ ነገር መኪናውን መታው። ፍሬን ይዤ ስወርድ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ወድቀዋል፣ አህያቸው አጠገባቸው ቆማለች፣ እሷን ጭረት እንኳ አልነካትም። አያ ጫኔ እንደሚባሉ ኋላ ነው የሰማሁት። ሆስፒታል ሳይደርሱ አረፉ።

ትራፊክ ፖሊስ ቃሌን ከመቀበሉ በፊት የመኪናው ባለንብረት ደወለ። ጥፋቱ ያንተ ከሆነ አንተም ትታሰራለህ፣ እኔም ካሳ እከፍላለሁ፣ ጥሩምባ ነፋሁ፣ ሰውዬው ግን አህያቸውን ተከትለው መሐል መንገድ ገቡብኝ በል አለኝ፣ እኔም እንዳለኝ አልኩ። ሌላ ያየ ሰው አልነበረም። ፍርድ ቤት ስንቀርብ የሟች ልጅ ጥሩነሽ፣ ዳባት የምታስተምር መምህርት ናት፣ የአባቴ ጆሮ ደህና ነበር፣ ጥሩምባ ቢነፋ ይሰሙ ነበር አለች፣ ዓይን ዓይኔን እያየች ነው ያለችው፣ እኔ ደግሞ ነፍቻለሁ ብዬ ማልኩ። በነፃ ተሰናበትኩ።

ከዚያ ወዲህ መሪ መጨበጥ አልቻልኩም፣ አዘዞ ቤቴ ተቀመጥኩ። ዘንድሮ ሰኔ ላይ ደባርቅ አክስቴ ሞቱና ለቀብር በሚኒባስ ስሄድ፣ አምባ ጊዮርጊስን አልፈን ጎማ ተነፈሰብን፣ ሁላችንም ወረድን። ጉም ነበር። ስልኬን ሾፌሩ ጋ ቻርጅ ላይ ትቼ፣ ሽንቴን ልሸና ትንሽ ራቅ ስል ቦታውን አወቅኩት፣ ሽማግሌው የወደቁበት ነው፣ ከመንገዱ ማዶ ያለውን የተሰበረ የድንጋይ ካብ እንዴት እረሳዋለሁ።

መጀመሪያ የሰማሁት ኮቴ ነው፣ ቀስ ያለ፣ አስፋልት ላይ የሚሄድ የአህያ ኮቴ። ከገበያ የሚመለስ ሰው ነው ብዬ ገለል አልኩ። ቀጥሎ የሽማግሌ ድምፅ መጣ፣ «ጥግ ያዢ፣ እሜቴ፣ ጥግ ያዢ» ይላል፣ በአጠገቤ ሲያልፍ እንደምን ዋሉ አልኩ፣ የመለሰልኝም፣ ያየሁትም ሰው የለም፣ ኮቴው ብቻ አልፎኝ ሄደ። ከዚያ ከወደ አምባ ጊዮርጊስ የሞተር ድምፅ ተነሣ፣ ስድስት ዓመት የነዳሁት መኪና ነው፣ ዳገት ላይ የሚያሰማውን ማቃሰት አውቀዋለሁ፣ የሸራው ማሰሪያ ላልቶ ጎኑን ቷ ቷ ሲያደርገው አውቀዋለሁ፣ መኪናው ግን በዚያ ሰዓት ጎንደር ጋራዥ ቆሟል። ከሞተሩ ድምፅ በላይ አንድ ሰው ሲጮህ ሰማሁ፣ «ደረስኩ አልኩህ እኮ» አለ። የገዛ ድምፄ ነው።

ጥሩምባውን ብቻ ጠበቅኩ፣ ንፋ፣ እባክህ ንፋ እያልኩ በልቤ ለመንኩት፣ ሞተሩ ቀረበ፣ ቀረበ፣ ጥሩምባ የለም፣ ከዚያ ሞተሩም ኮቴውም አንድ ላይ ጸጥ አለ።

ስመለስ ሾፌሩን ከባድ መኪና አልፏል ወይ ብዬ ጠየቅኩት፣ ከቆምን ምንም አላለፈ አለኝ። አንዲት አብራን የተሳፈረች ሴት ግን ዞር ብላ «ምነው ወንድሜ፣ በስልክ ማንን ነው እንዲያ የምትቆጣው?» አለችኝ። ስልኬ አሁንም ሾፌሩ ጋ እንደተሰካ ነው። ስልኬን ነቅዬ ተሳፈርኩ።

ከቀብር ስመለስ ዳባት ወርጄ ጥሩነሽን ትምህርት ቤቷ ድረስ ሄጄ አገኘኋት፣ ስልኩንም፣ ሐሰት መማሌንም፣ ጉሙ ውስጥ የሰማሁትንም አንድ ሳላስቀር ነገርኳት። አልተሳደበችም፣ አላለቀሰችም፣ አባቴ ምን አሉ ብላ ብቻ ጠየቀችኝ። ስነግራት እዚያው ደረጃው ላይ ተቀመጠች።

«እሜቴ የአህያዋ ስም ነው» አለች፣ «ለፖሊስም ለዳኛም የነገርነው የለም።»

ከደረጃው ስትነሣ ደግሞ «ለእኔ ያሉትን ለዐቃቤ ሕግ ይንገሩልኝ» አለችኝ።

ነገርኩ። ስልክ እያወራሁ ነበር፣ ጥሩምባ አልነፋሁም፣ ሰውዬው ጥጋቸውን ይዘው ነበር ብዬ ፈረምኩ። ቃሌን የጻፈው ልጅ ብዕሩን አቁሞ፣ እርስዎ ስልክ ላይ ከነበሩ ጥግ መያዛቸውን በምን አወቁ አለኝ። ባለንብረቱ ዓይንህን አልይ ብሎኛል፣ መዝገቡ እንደገና ይታያል ተብዬ እየጠበቅኩ ነው፣ ብታሰርም የሚገባኝ ነው።

እውነቱን ስትናገር ይቀልሃል ይሉኛል፣ አልቀለለኝም። ባለፈው ሳምንት ጥሩነሽ ደውላ ነበር። ጉም በወረደ ቁጥር ከክፍል ወጥታ እዚያ ቦታ ሄዳ ትቆማለች፣ እስኪመሽ ትጠብቃለች፣ እስካሁን ምንም አልሰማችም። «ለእርስዎ የተሰሙ አባቴ ለእኔ ምነው ዝም አሉኝ?» አለችኝ፣ እባክሽ አትሂጂ አልኳት፣ ዘጋችው።

ይህን ስነግርህ ሰማዩ ወደ ወገራ በኩል ጠቁሯል። ዛሬም ሄዳ ይሆናል፣ ጉሙ ውስጥ፣ አስፋልቱ ዳር፣ ሾፌሮች በሚያልፉበት።