በባዶው ቲዩብ ውስጥ

«አራት መቶ ከአራት መቶ!» ፌንጣ ከወንበሯ ተስፈንጥራ ተነሳች። «ቆጣሪ፣ አየሽ? አንድ ፊደል እንኳን አልተለያየንም!»

ቆጣሪ ስክሪኑ ላይ አፈጠጠች። ሁለት ረጃጅም መስመሮች፣ አንዱ ከሌላው ሥር፤ ኤ ከኤ፣ ቲ ከቲ፣ ጂ ከጂ፣ ሲ ከሲ። ከሦስት ሳምንት በፊት ስድስቱ የትምህርት ቤቱ ሳይንስ ክበብ ልጆች ጉንጫቸውን ከውስጥ በጥጥ ጠርገው ናሙና ሰጥተው ነበር። ከእናት ብቻ ከሚወረሰው ዲኤንኤ አንድ ቁራጭ ተነብቦ፣ ዛሬ በፊደል መጣላቸው። የነሱ ሥራ ፊደሎቹን በኮምፒውተር ማነጻጸር ነው።

ለሌሎቹ ጨዋታ ነበር። ፌንጣ ግን እናቷን አታውቅም። «አክስቴ» የምትላቸው ሴት በጨቅላነቷ ተቀብለው ያሳደጓት እንጂ የሥጋ ዘመዷ አይደሉም።

«በእናት በኩል ልንዛመድ እንችላለን» አለች ቆጣሪ። «እህት ለማለት ግን…»

«አታካብጂ! ዘመድስ ቢሆን? ዘመድ አለኝ እኮ!» ፌንጣ ሳቀች፤ ወዲያው ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ፊቴን ታጥቤ ልምጣ። ከዚያ ቀጥታ እናትሽ ጋ! እኔ ነኝ የምነግራቸው፣ በናትሽ እንዳትቀድሚኝ።»

በሩ ተዘጋ። በቤተ ሙከራው ውስጥ የማሽኖቹ ድምፅ ብቻ ቀረ።

ቆጣሪ የጀመረችውን ሳትጨርስ አትነሳም። ፋይሎቹ ሰባት ናቸው፤ ያልተከፈተው የመጨረሻው፣ «ባዶ» የሚለው ነው። መምህራቸው ሁልጊዜ ከናሙናዎቹ ቲዩቦች ጎን በአንዱ ንጹህ ውሃ ብቻ ያስጨምራሉ። «ውሃው ዝም ካለ ሌሎቹን እመኑ» ይላሉ።

ከፈተችው። ውሃው ዝም አላለም።

ፊደሎች ስክሪኑን ከላይ እስከ ታች ሞሉት። ማንም ናሙና ባልጨመረበት ውሃ ውስጥ ሰው አለ። ማን? በየተራ አነጻጸረችው። ከመጀመሪያው ልጅ ጋር አይገጥምም። ከሁለተኛው አይገጥምም። ከሦስተኛው፣ ከአራተኛው፣ አይገጥምም።

ከራሷ ጋር፣ አራት መቶ ከአራት መቶ።

እጇን ከኪቦርዱ አነሳች። በጥቁሩ የስክሪን ጠርዝ ላይ ፊቷ ደብዝዞ ይታያል፤ የሌላ ሰው መሰላት። ከዚያ ናሙና የሰጡበትን ቀን አስታወሰች። ክዳናቸው በተከፈተ ቲዩቦች ላይ አጎንብሳ፣ አፏን ሳትሸፍን፣ «አምስት… ስድስት… ሰባት…» እያለች ጮክ ብላ ስትቆጥር። ይህ አመሏ ነው ቅጽል ስሙን ያወጣላት። ስድስተኛው የፌንጣ ነበር። ፌንጣ ደግሞ ጥጡ ኮርኩሯት ገና ጉንጯን ነካ ሲያደርግ ነበር ያወጣችው፤ የራሷ ናሙና ከምንም አይቆጠርም ነበር። ማሽኑ የማን ነው ብሎ አይጠይቅም፤ በቅንጣት ምራቅ ያገኘውን ዲኤንኤ አባዝቶ ሚሊዮን አድርጎታል።

የፌንጣ ተብሎ የተነበበው መስመር የፌንጣ አልነበረም ማለት ነው።

ባዶውን ፋይል ማን ይከፍታል? ብታጠፋው ማንም አይጠይቃትም። ፌንጣም ዘመድ እንዳላት ታምናለች። ጣቷ ማጥፊያው ላይ አረፈ።

ኮሪደሩ ላይ ኮቴ ተሰማ፤ እያንጎራጎረች ነው የምትመጣው።

ቆጣሪ ጣቷን አነሳች። የውሃውን መስመር ጎትታ ከሁለቱ ሥር አስገባችው። ሦስቱም አንድ ዓይነት ሆነው ተደረደሩ።

«ተነሺ እንጂ! እናትሽ ምን የሚሉ ይመስልሻል?» ፌንጣ ፊቷ ገና ውሃ እያንጠባጠበ በሩ ላይ ቆመች።

ቆጣሪ አጠገቧ ያለውን ወንበር ወደ ስክሪኑ ሳበችው።

«መጀመሪያ ነይ ተቀመጪ» አለቻት።